አጥር የመሰለው ስም

አታምኑኝም እንጂ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የአንድ አባት ስም ከልጁ የሰርግ ጥሪ ላይ አጥፍቻለሁ።

ዛሬ ሰብዌይ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ፣ የሽቶ ማስታወቂያ አየሁ። የእንግሊዝኛው ፊደል እግሩ ወፍራም፣ ክንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ድሮ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ሳለን ይሄንኑ የፊደል ዓይነት ኮምፒውተር ጎርጉሬ ብቻዬን አገኘሁት። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ የልጃቸውን የሰርግ ካርድ ዲዛይን እንዳደርግ ሲሰጡኝ፣ ከእኔ በላይ ማን አለ! በዚሁ ፊደል የሙሽሮቹን ስም ትልቅ፣ የወላጆቹን ደቃቅ አድርጌ አሳተምኩት።

ጋሽ ታደሰ ካርዱን መስኮት ጋ ወስደው አዩት። ቀጫጭኑ መስመር ሁሉ ጠፍቶ፣ ከስማቸው የቀረው ቋሚ ቋሚው ብቻ ነው።

«አንተ፣ ስሜን እኮ አጥር አስመሰልከው!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እንደገና ላሳትመው?»

«ነገ ይታደላል እኮ! ልጄን የምድራት እኔ መሆኔን ሰው በምን ይወቅ?»

እስክሪብቶ ይዘን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የጠፋውን መስመር በየካርዱ ላይ በእጃችን ሞላን። ክፍሉ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። እጄን ያዝ አድርገው፣ «ቀስ በል፤ ወፍራሙን ያሳመረችው ይቺ ቀጭኗ ናት» አሉኝ።

ካላመናችሁ የተጠሩትን ሂዱና ጠይቁ። ካርዱን ያወጡላችኋል፤ ስማቸውን በጣት ስትዳብሱት እስክሪብቶው የጫረው ይታወቃል። ያማረው እኔ የሞላሁት ነው። ብቻ ጋሽ ታደሰን እንዳትጠይቁ፤ «የእኔ ነው» ይሏችኋል።