«አቤት» ያለው ቁጥር

አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን ወደ ጢቾ ቅርንጫፋችን የምንልከው ኢሜይል ሁሉ «እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም» እየተባለ ይመለስብን ጀመር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ በአድራሻው ስም እምቢ ካለ ብዬ ኢሜይላቸውን በሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ማለትም በሰርቨራቸው መለያ ቁጥር ላክሁ። እሱም ተመለሰ። ለካ ቁጥሩ በማዕዘን ቅንፍ [ ] ካልታጠረ አይሄድም። አጥሬ «ሙከራ ነው» ብዬ ላክሁ።

ወዲያው መልስ መጣ፦ «አቤት! ማን ልበል?»

የጢቾዋ ጸሐፊ ፋጡማ ናት ብዬ ደወልኩላት።

«ሰርቨራችሁ ሠራ አይደል?»

«የቱ ሰርቨር? ተበላሽቶ በአውቶቡስ ላክንልህ እኮ! አልደረሰህም እንዴ?»

ዞር አልኩ። ትናንት የመጣው ካርቶን በሲባጎ እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ሁለተኛ መልእክት ገባ፦ «ጠርተኸኝ ምነው ዝም አልክ? ይልቅ ሲባጎውን ፍታልኝ።»