ከድርድሩ አዳራሽ ጎን ያለችው ክፍል

ዶኛ ኦቲሊያ ከልጅነታቸው ጀምሮ ካዴሬይታ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ መጥረጊያ ሲያስሩ ኖረው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሜክሲኮ ሲቲ ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሰው ሆኑ። መንግሥት ከሰሜኑ ጎረቤት ጋር በነፃ ንግድ ስምምነት ላይ እየተደራደረ ነበር። እንደ ልማዱ ነጋዴ አዳራሹ ውስጥ አይገባም፤ ጎን ካለችው ክፍል ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ተደራዳሪው ሲቸግረው ብቅ ብሎ ይጠይቀዋል። የመጥረጊያ ሠሪዎቹ ማኅበር እሳቸውን የላከው ለአንድ ነገር ነው፦ የውጭ መጥረጊያ ያለ ቀረጥ የሚገባው ከዐሥር ዓመት በኋላ እንዲሆን። ማሽን ገዝቶ ሴቶቹን ለማሠልጠን ያ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል።

አራተኛው ቀን ላይ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን ጠረጴዛው ሥር አወለቁ።

«ኧረ ጫማዎን ያድርጉ፣ ስምምነቱ በእግርዎ ሽታ ሊፈርስ ነው» አሏቸው የቲማቲም አምራቾቹ ተወካይ ዶን ፌርሚን።

«የእርስዎ ቲማቲም ቀድሞ ይሸታል።»

ተደራዳሪው ባራጋን ዓይኑ ደም መስሎ ገባ። «እናቴ፣ ሰሜኖቹ አምስት ዓመት ብለው ችክ ብለዋል። ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?»

ዶን ፌርሚን በጠረጴዛው ሥር የዶኛ ኦቲሊያን እግር ረገጥ አደረጉ። ዶኛ ኦቲሊያን አመማቸው እንጂ ነገሩ አልገባቸውም። ልጁ የራሳችን ሰው አይደል? ደግሞም ቤታቸው ናፍቋቸዋል።

«በስምንትም ቢሆን አንሞትም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ባራጋን ተመለሰ። «ስምንት ሆነ። እንኳን ደስ አለዎት።»

«እስከ ዐሥር አልገፋህም?»

«ዘጠኝ ድረስ መጥተውልኝ ነበር። ስምንት እንደሚበቃዎ ስላወቅሁ፣ አንዷን ዓመት ለቅቄ ለቲማቲሙ የተሻለ ውል አገኘሁባት።»

ዶን ፌርሚን ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። «እኔ እኮ ረግጬዎት ነበር።»

«ረግጠውኛል። ምን ብዬ ልውቀስዎ?»

ዶኛ ኦቲሊያ እንግዳ መቀበያው ጋ ወርደው ወደ መጥረጊያ መሥሪያቸው ደወሉ። ያነሳችው የመጥረጊያ አሳሪዎቹ አለቃ ናዛሪያ ናት።

«ዐሥር ሆነ?»

«ስምንት። አፌ ነው ያመጣው።» የሆነውን ሁሉ ነገሯት።

ከናዛሪያ ኋላ ሴቶቹ ጭራሮውን ሲቀጠቅጡ ይሰማል።

«እንግዲያው የእጀታውን ማሽን ዘንድሮ መግዛት አለብን» አለች።

«ዘንድሮ። ለሚቀጥለው ድርድር ደግሞ አንቺም ትመጫለሽ። አንዳችን ስትደክም ሌላዋ አፏን ትይዝላታለች።»

«እሱን ለእኔ ይተዉት፣ ዶኛ። እጄ እንደሆነ ጠንካራ ነው።»