ሲግል የማይነሳው ሞተር

የወፍጮው ሞተር መጀመሪያ ወደ አገሩ የገባው በቃሬዛ ነው። ያን ጊዜ መኪና ከሞላሌ ወዲህ አይመጣም፤ ዐሥራ ስድስት ጎበዝ እየተፈራረቀ እንደ ታማሚ ተሸክሞ አገባው። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ባለወፍጮው ወልደ ጻድቅ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ከቃሬዛው ፊት ፊት እየሄደ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ሲል የነበረው ዛሬም ከጆሮ አይጠፋም።

አሁን እሱም አርጅቷል፣ ሞተሩም አርጅቷል። ጧት በብርዱ ማኖቬላውን ሁለቴ ሲያዞርለት ዱክ ዱክ ብሎ ይነሳል። ጉዱ ከጋለ በኋላ ነው። ግሎ አንዴ ከጠፋ ቢለምኑትም አይሰማ። ከመሐል ሜዳ የመጣ መካኒክ ፈታትቶ አየውና፣ «አባቴ፣ የናፍጣው ፖምፓ አልቋል። ናፍጣው ሲግል ይቀጥንና በየስንጥቁ ሾልኮ ይቀራል። እንዲህ ያለ ፖምፓ ደግሞ ዛሬ የሚሠራው የለም» ብሎት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወልደ ጻድቅ ጧት ካስነሳው እስከ ማታ አያጠፋውም። ምሳውን ቆሞ ይጎርሳል። እህል ቢያልቅም ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ይውላል። ምን ያድርግ? ሞላሌ የመብራት ወፍጮ ከገባ ወዲህ የቀሩለት ስድስት ሰባት ሴቶች ናቸው፤ እነሱም የሦስት ሰዓት መንገድ ከብዷቸው እንጂ ወደውት አይደለም። «አንድ ቀን ደግሞ እህላችን ሳይፈጭ ከቀረ፣ ሁለተኛ አታየንም» ብለውታል።

ሐሙስ ለት ተራው የአማከለች ነበር። ባሏ ከሞተ ሠላሳ ስምንት ቀኑ ነው፤ ቅዳሜ የአርባውን ተዝካር ታወጣለች። ሊጡ በዚያው በሐሙስ ማታ መቦካት አለበት። ከሁለቱ ስልቻዋ አንዱ እንደተፈጨ ከዳገቱ ግርጌ በኩል የለቅሶ ድምፅ መጣ።

የአገሩ ወግ የታወቀ ነው፤ ሬሳ በወፍጮ ቤት ደጅ ሲያልፍ ሞተር ይጠፋል።

አመተሥላሴ፣ ያቺ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነችው፣ ወጥታ አየችና ሮጣ ተመለሰች።

«የኛ ሰው አይደለም! ከቆላ ነው የሚያመጡት። ተሸካሚውም አልቃሹም ተደምሮ አምስት ሰው ነው። ጋሽ ወልዴ፣ በማርያም እንዳያጠፉት!»

«ሬሳ እኮ ነው፣ አንቺ።»

«ሬሳው አይሰማ! እርስዎ ካጠፉት ግን ዛሬ ሬሳዎቹ እኛ ነን።»

«ኧረ አፍሽን ያዢ!» አለች አንዷ፤ ሳቋን ግን በነጠላዋ ሸፈነች።

ወልደ ጻድቅ አማከለችን አያት። ከሁሉ ይልቅ መለመን የነበረባት እሷ ናት፤ አልለመነችም። እጇን ስልቻው ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። የሷም ባል ሬሳ በዚሁ ደጅ ሲያልፍ ሞተሩን አጥፍቶለት፣ እስከ ማግስቱ ሳያስነሳው ቀርቷል። «ለሷ ባል አጥፍቼ ለዚህ ዘመድ ላጣ እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለ በሆዱ። ናፍጣውን ዘጋ።

ዱክ፣ ዱክ አለና ዝም። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አለፉ። ከኋላ የምትከተለው ሴት ዝምታውን ሰምታ ቀና አለች፤ ወደ ወፍጮ ቤቱ እጅ ነስታ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል! ጆንያ በውሃ ነክሮ ፖምፓው ላይ ጠመጠመ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ገረፈው። ሦስት ጊዜ ለወጠለት። በአየር ማስገቢያው ዘይት ጠብ አደረገበት። «በስመ አብ» ብሎ ማኖቬላውን አዞረ። ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ ዝም።

«ምጥ ይዞት ነው እኮ፣ ማርያም ማርያም በሉለት እንጂ!» አለች አመተሥላሴ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ማኖቬላውን ከእጁ ተቀበለች። ሴቶቹ እየሳቁ «ማርያም! ማርያም!» አሉ። ክንዷ እስኪዝል አዞረች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አህዮቹ መጫን ጀመሩ።

«ማታ ሲቀዘቅዝ ይነሳ ይሆናል» አላት አማከለችን።

«ይሆናል ብሎ ሊጥ አይቦካም፣ ጋሼ» አለች አመተሥላሴ በሷ ፈንታ። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «አይቀየሙን። ከእንግዲህ እኛ የምናስፈጨው ሞላሌ ነው።»

ብትሰድበው በወደደ።

አማከለች ያልተፈጨውን ስልቻ ጭና መሄድ ከጀመረች በኋላ ተመለሰች። «የዚያችን ሴትዮ ፊት አየሁት» አለችው። አህያዋን ተከትላ ዳገቱን ወጣች።

ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጉሙ ወረደ። ወልደ ጻድቅ ሊዘጋ ሲል መዳፉን ፖምፓው ላይ አሳረፈ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ማኖቬላውን አንዴ ብቻ አዞረው።

ዱክ ዱክ ዱክ!

ደጁ ላይ ቆመ። ድምፁ ጉሙን ሰንጥቆ እስከ ዳገቱ ድረስ ይሄዳል። ምናልባት ከመንገድ ሰምታ የምትመለስ ትኖር ይሆን ብሎ ቆየ። ሞተሩ እስኪግል ድረስ ቆየ። ማንም አልመጣም።

አሁን ቢያጠፋው እንደማይነሳ ያውቃል። ገባና ናፍጣውን ዘጋው።