ከመዘምራን ልብስ የተሰፋ አደይ

ስፌት ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ናት። ሆሳዕና ውስጥ ከእኛ ግቢ በቁልቋል አጥር ተለይታ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ በእግር በሚረገጥ መኪናዋ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የምትሰፋ የሃዲያ ሴት ነበረች። እትዬ እላት ነበር። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እናቴ "ጴንጤ ናት" እያለች ብታጉረመርምም ሙያ እንድማር ብላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ እሷ ትልከኝ ነበር። እኔ ግራኝ ነኝ። አስተማሪዎቼ በቀኝ ካልጻፍሽ እያሉ ጣቴን ሲገርፉኝ፣ እትዬ ግን መቀሱን ከግራ እጄ ነጥቃኝ አታውቅም። ጨርቁን ወደ እኔ አዙራ፣ እጄ እንደለመደው እንድቆርጥ ትነግረኛለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ለጸሎት ቤታቸው መዘምራን አዲስ ልብስ ሰፋች። ቢጫ ፖፕሊን ነው፤ ሰፊ እጅጌ ያለው፣ አንገትጌው ነጭ። ያን ጊዜ ጨርቅ እንደልብ አይገኝም ነበርና ምእመናኑ ስንት ወር ጠብቀው ነው ከአዲስ አበባ ያስመጡት። የእጅጌዎቹን ጫፍ በእጄ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። በየአንገትጌው ውስጥ የዘማሪውን ስም መነሻ ፊደል በቀይ ክር የጠለፈችው እሷ ናት።

በዓመቱ ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ትእዛዝ ታሸገ። ሁለት ሽማግሌዎች ታሰሩ፤ ወንበሩም ከበሮውም ልብሱም ተጭኖ ወደ ቀበሌ ተወሰደ። እትዬ ድሮ እየሰፋች ታንጎራጉር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ሆነ።

እኔ ያን ክረምት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ የያዘ ይቀድማል ይባል ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሴቶች ማኅበሩ ለዘመን መለወጫና ለአብዮት በዓል አዳራሹን በጨርቅ አበባ ለማስጌጥ ሰበሰበን። እውነተኛው አደይ ከተቀጠፈ ሁለት ቀን አይቆይም፤ የጨርቁ ግን መስከረምን ሙሉ እንደፈካ ይሰነብታል ተባለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አንድ ጆንያ አስመጥታ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ቢጫው ፖፕሊን ነበር።

ገና ሲወጣ አወቅሁት። የራሴን ዝምዝማት እንዴት አላውቅም? ሊቀመንበሯ መቅደድ የሚችል ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሴቶቹ ሁሉ አቀረቀሩ፤ ሌሎችም የማን እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ስንት ዓመት "ዘመኑ ነው" እያልኩ አልፌዋለሁ፤ ዘመኑ ግን የዚያን ቀን ስሜን አልጠራም።

መጀመሪያ አንገትጌዎቹን ቆርጬ ቀዩ ፊደል እንዳይታይ ጆንያው ውስጥ መለስኳቸው። ከዚያ ቢጫውን በመቀስ በአበባ ቅጠል ልክ ቀደድኩት። ለአንድ አበባ ስምንት ቅጠል ነው። እያንዳንዱን ለሁለት አጥፌ፣ ሥሩን በክር ሰብስቤ እስባለሁ፤ መሃሉ ላይ ቡናማ ጨርቅ የለበሰ ቁልፍ እሰፋለሁ። ግንዱ አሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ የተጠመጠመበት ሽቦ ነው። ሊቀመንበሯ የመጀመሪያውን አበባ አንስታ "ይቺ ልጅ እጅ አላት" ስትል ፊቴ በራ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ግማሹም አላለቀም። ሊቀመንበሯ እትዬን አስጠራቻት። ቀበሌ ጠርቶ እምቢ አይባልም፤ መርፌዋን ነጠላዋ ላይ ሰክታ መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። ጨርቁን አየች። ከፊቴ አንዱን ቅጠል አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የግራኝ መቀስ ጠርዙን ወደ ሌላ በኩል ያዘነብለዋል፤ ይህን ያሳየችኝም እሷው ነበረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

"አንቺ ነሽ የቀደድሽው?" አለችኝ።

"ተቀዶ ነው የመጣው፣ እትዬ።"

ትንሽ አየችኝና መርፌዋን ነቀለች። ሥራው እስኪያልቅ ሦስቱንም ቀን ሰፋች፤ ያውም አሳምራ። የእኔ አበቦች ክራቸው ሲላላ አይታ ሥሩን ሁለቴ እንድጠቅመው፣ አለዚያ እንደሚፈታ ነገረችኝ፤ ልክ ቤቷ እንደምታስተምረኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ሊቀመንበሯ አስነሥታ አስጨበጨበችልኝ። ዞር ስል እትዬን ከኋላ ወንበር አየኋት፤ ከሰው ጋር አብራ ታጨበጭባለች። በሳምንቱ ደብዳቤዬ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ቤቷ አልረገጥኩም። እናቴ ምን ሆናችሁ ስትለኝ ለጉዞ እየተዘጋጀሁ ነው እላለሁ።

ተመርቄ ከሆሳዕና ብዙም የማትርቀው ዳምቦያ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። አንድ የገበያ ቀን እትዬን ሸማ ተራ ውስጥ አየኋት። አንዷን ሸማ ሻጭ፣ ከሆሳዕና የመጣችውን አስተማሪ ታውቃት እንደሆነ ስትጠይቅ ሰማሁ። እኔ ከተሰቀሉት ጋቢዎች ኋላ ነበርኩ። ሻጯ አላውቅም አለቻት። እትዬ ሄዳ ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ አልወጣሁም።

ቤቷ የሄድኩት መንግሥት ተለውጦ፣ ጸሎት ቤቱ ተከፍቶ፣ እኔም ልጆች ወልጄ ነው። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ስንዴ ትለቅም ነበር። ስማኝ አስቀመጠችኝ። አንገትጌውንም፣ ውሸቱንም፣ ዳምቦያ መደበቄንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ያን ጊዜም አውቃ እንደነበር፣ እሷም ራሷ ፈርታ እንደሰፋችው ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፦

"ስትቀድጂው ምን ተሰማሽ?" አለችኝ።

ፈርቼ ነበር ማለት እችል ነበር። አልቅሼ ነበር ማለትም እችል ነበር። ሁለቱም ውሸት ናቸው።

"ደስ ብሎኝ ነበር" አልኳት። "አበቦቹ ሲያምሩ ደስ አለኝ።"

እጇ ስንዴው ላይ ቆመ። ከፊቷ ምንም ላነብ አልቻልኩም።

"አዎ፣ ጥሩ ፖፕሊን ነበር" አለች በመጨረሻ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሰፌዱን ወደ መሃላችን ገፋ አደረገችው። የቀረውን ስንዴ አብረን ለቀምን።