የዝላቲና ልቅሶና ዝናቡ

የዶብሩጃ ሜዳ ደረቅ ነፋስ የሱፍ አበባውን ሲለበልበው የዝላቲና ንቦች ባዶ ሆዳቸውን ይመለሱ ጀመር። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ለብሷል፤ አበባው ግን ጠብታ ወለላ የለውም። ዝላቲና ነፋሱን ስትራገም ሰንብታ፣ የመንደሩ ሴቶች ዝናብ ሊለምኑ ጌርማን የሚሉትን የጭቃ አሻንጉሊት ወንዝ ዳር ሲቀብሩ አብራ ወጣች። ልማዱ ለሰው እንደሚለቀስ አድርጎ ማልቀስ ነው። እሷማ ሻሿ እስኪርስ አነባች።

ማታውኑ ዘነበ፤ ከዚያ ወዲያም አላባራ አለ። ንብ በዝናብ አይወጣምና፣ ቀፎ ውስጥ ተከተው ለብርዱ ወራት ያኖሩትን ስንቅ መብላት ያዙ።

«ልቅሶሽ በዛ፤ ግማሹ ይበቃን ነበር» አለቻት ጎረቤቷ ጋንካ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ። «ለባልሽ ለኮልዮ እንኳ እንዲህ አላነባሽም።»

«ኮልዮ የተቀበረ ዕለት ብራ ነበር፤ ንቦቹም ሥራ ላይ ነበሩ። እንዲያ ባለ ቀን ባለቅስ እሱ ራሱ ይቆጣኝ ነበር» ብላ ዶማዋን አነሳች።

ዝናብ እንዲያባራ ደግሞ ልማዱ የተቀበረውን አሻንጉሊት ማውጣት ነው። ወንዝ ዳር ሄዳ ጌርማንን ቆፍራ አወጣችውና ፊቱን በሽርጧ ጠረገችለት። «በቃህ ልጄ፣ አልቅሰንልሃል» አለችው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ ውሃ የጠገበው የሱፍ አበባም ወለላ አቀረረ። ንቦቹ እየተጋፉ ሲወጡ ሲገቡ፣ ዝላቲና ኮልዮ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «እየሠሩልህ ነው፣ ኮልዮ» አለችና ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጋንካ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ልታዘንቢብን ነው?»