ይቅርብኝ ያልኩት ወንበር

ጓደኛዬ ቪዛዋ መውጣቱን የነገረችኝ ዋርድ ውስጥ አልጋ እያነጠፍን ነው። እሷ በወዲያ በኩል፣ እኔ በወዲህ በኩል ቆመን የአንሶላውን ጫፍ ከፍራሹ ሥር ስንሸጉጥ ቀና ብላ «ወጣልኝ እኮ» አለችኝ። ምኑ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረንም። «እንኳን ደስ አለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ወጥቶ ነው መሰለኝ፣ አጠገባችን ልጃቸውን ታቅፈው የተቀመጡ ከዲክሲስ የመጡ እናት ደንግጠው አዩኝ። ከዚያ አንሶላውን ወደ ራሴ ሳብኩት። እሷ በደንብ የሸጎጠችው ጫፍ ተመዞ ወጣ።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ድካም ነው፣ ጨጓራ ነው፣ የአሰላ ብርድ ነው ብያለሁ። ቅናት ነው። ጠዋት ስነሳ አብሮኝ ይነሳል፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ዋርድ ስደርስ ቀድሞኝ ይገባል።

ሥራው ደግሞ የሚያስቀና ባይሆን ጥሩ ነበር። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ስላቸው የሰፈሬ ሰዎች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ የሰው ቤት ልታጥብ፣ የሰው ልጅ ልታሳድግ መስሏቸው ነው። እኔም አንዳንዴ ዝም ብዬ እንዲመስላቸው እተዋቸዋለሁ። እውነቱ ግን የምትሄደው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ኃላፊ ሆና ነው። ቪዛውን ሆስፒታሉ ራሱ ያወጣላታል፤ ቤት ይሰጣታል፤ የአውሮፕላን ቲኬቷን እሱ ይቆርጣል። የሕንድ፣ የፊሊፒንስ፣ የኬንያ ነርሶች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው የእሷን ትእዛዝ ይጠብቃሉ። የአቦምሳ ልጅ! ቆላ አድጋ አሰላ የገባች ሰሞን ብርዱ አስለቅሷት በጋውኗ ላይ ሹራብ፣ በሹራቧ ላይ የኔን ጃኬት ደርባ ዋርድ ትዞር የነበረችው። ካኑላ ስታስገባ እጇ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዋ ቆሜ «ቀስ በይ፣ ደም ሥሩ አይሸሽሽም» ያልኳት እኔ ነኝ።

ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ያየሁትም እኔ ነኝ። ለእሷ የላክሁላትም እኔ ነኝ፤ ምን ነክቶኝ እንደላክሁት ግን አላውቅም። ለዚያ አገር የነርስ ፈቃድ ፈተና አብረን አጠናን፣ ሁለታችንም አለፍን፤ እንዲያውም እኔ በለጥኳት፤ ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። ማስታወቂያው ግን ከፈተናው ሌላ አንድ ነገር ይጠይቃል። አመልካቿ ተሹማ ዋርድ የመራች መሆን አለባት። እሷ መርታለች። እኔ ተሹሜ አላውቅም። ያልተሾምኩት ደግሞ በገዛ አፌ ነው።

ከዓመታት በፊት የሕፃናት ዋርዳችን ኃላፊ ጡረታ ወጡ። እሳቸው በታመሙ ቁጥር፣ ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር ዋርዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የመድኃኒት ቁምሳጥኑ ቁልፍ በቀይ ክር ታስሮ የሚያድረው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉን ነርሶች ሁሉ የሚያስተዳድሩት ሜትሮናችን ሰብስበውን «ሲስተር፣ ኃላፊነቱን አንቺ ብትይዢውስ?» ሲሉኝ የተገረመ ሰው አልነበረም። እኔም እንዳሳደጉኝ አደረግሁ። አንገቴን ደፋ አድርጌ «ኧረ እኔ ይቅርብኝ፤ ከኔ የተሻሉ አሉ» አልኩ።

ይህ እኮ መልስ አይደለም። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብልን «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን፤ ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ «ኧረ በቃኝ» እንላለን፤ «አፈር ስሆን» ትላለች፤ ከዚያ እጃችንን እንታጠባለን። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ዘሎ ትሪ ላይ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሹመትም እንደዚያው ነው። እኔ እግደረደራለሁ፣ አጠገቤ ያለው ሰው «ካንቺ ሌላ ማን አለ!» ይላል፣ ሜትሮኗ ይለምኑኛል፣ እኔም ትንሽ አቅማምቼ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።

ዝም አለች።

ሜትሮኗ ሰዓታቸውን አዩ፤ ጤና ቢሮ ሌላ ስብሰባ ይጠብቃቸው ነበር። «በቃ፣ ካልፈለግሽ አላስገድድሽም» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እሺ» አለች።

እሺ! «እንዴት ችዬ» የለ፣ «እሷ እያለች» የለ። በልቼ ነው የመጣሁት ሳትል እጇን ታጠበች። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ኮሪደር ላይ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋትና «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ድምፄ መሐል ላይ ሰለል አለ። እሷ ልብ ትበለው አትበለው አላውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ያኔ ራሴን ማጽናናት አላቃተኝም። ኃላፊነት ማለት ጭቅጭቅ ነው አልኩ። የተረኛ ፕሮግራም ማውጣት፣ የቀረ ሰው መተካት፣ ከፋርማሲ ጋር መነታረክ፣ ልጄ ተረሳ ከሚል አባት ጋር መከራከር። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ግራ ሲገባት ደግሞ እኔ ጋ እየመጣች «እንዴት ላድርግ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። እንዲህ ሆነን ከረምን፤ ጓደኝነታችንም አልተበላሸም። ያ ማስታወቂያ ባይመጣ ወንበሩ ትዝም ባላለኝ።

ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጀኋት እኔ መሆኔ ደግሞ የባሰው ነው። ጠያቂዎቹ በቪዲዮ ነው የሚያነጋግሯት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ መጥታ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ከፊቷ ወንበር ስቤ የውጭ አገር ሰው ሆኜ እጠይቃታለሁ። «በሥራሽ ላይ ችግር ገጥሞሽ የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» አልኳት አንድ ቀን። መብራት የጠፋበትን ዕለት አነሳች። የኦክስጅን ማሽኑ ቆሞ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ፣ ሁለት ሕፃናት ትንፋሽ አጥሯቸው የዋልንበት ዕለት ነው።

«እኛ ያን ጊዜ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲሊንደር አስመጣን» ብላ ጀመረች።

«ማን ነው እኛ?» አልኳት። «ፈረንጅ እኛ አይገባውም። ያስመጣሁት እኔ ነኝ በይ።»

«ይከብዳል እኮ።»

«በይ!»

ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እኔ ሲሊንደሩን አስመጣሁ። እኔ ለልጆቹ አዳረስኩ።»

ሁለተኛ ጊዜ ስትለው አልከበዳትም። ሦስተኛው ላይ አመነችው። እሷ በዚያን ዕለት ሁለቱ ሕፃናት ላይ ጎንበስ ብላ ትንፋሻቸውን ስትከታተል ነበር፤ ይህን አልክድም። ሲሊንደሩን ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ተጣልቼ የወሰድኩት፣ በዚያ ረጅም ኮሪደር እያንከባለልኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር ያወለቀው ያ ሲሊንደር ነው። እሷ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ «እኔ» ስትል ጫማዬ ውስጥ ያ ጣት ጠዘጠዘኝ። «ጎበዝ፣ እንደሱ» አልኳት፤ ሻይም ጨመርኩላት። ቃለ መጠይቁን አለፈች።

ለሽኝቷ ስጦታ የመግዛቱ ነገር በኔ ላይ ወደቀ። ጋቢ ገዛሁላት። ለዚያ ለሚያቃጥል አገር፣ ወፍራም የደጋ ጋቢ። ሆን ብዬ ነው። ኬኩ ተቆርሶ፣ ንግግሩ ተደርጎ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል ሳደርግላት አቀፈችኝና በኦሮምኛ እያመሰገነች «ገለቶሚ፣ እንዴት አወቅሽልኝ? እዚያ እኮ ቤቱም ሆስፒታሉም በኤሲ በረዶ ነው አሉ» አለችኝ። በዚህም አሸነፈችኝ።

የሄደች ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የጭላሎ ተራራ አናቱን ጉም ሸፍኖት፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሻንጣዋ ሚኒባሱ አናት ላይ ተጫነ፤ ረዳቱ «አዳማ! አዳማ!» እያለ ሰው ይሞላል። ጎኔ ቆማ፣ ጋቢዋን ተከናንባ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «ያን ቀን እየተግደረደርሽ እንደሆነ አውቄ ነበር።»

«የቱን ቀን?» አልኩ፣ ከእሷ አብልጬ እያወቅሁ።

«ካንቺ ሌላ ማን አለ ማለት የኔ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔም ፈለግሁት። ዋጥኩት። እኔንም ሲጠይቁኝ ብግደረደር ሁለተኛ የሚለምነኝ ሰው የለም ብዬ ፈራሁ።»

ምን እንዲባል ጠብቃ ነበር? ምንም አይደል? ከዚህ በፊት ሳታውቅ ነው ብዬ፣ ልጅነት ነው ብዬ፣ ቆላ ያደገ ሰው ነገሩን አይረዳውም ብዬ ስንት ሰበብ ሠርቼላት ነበር። አሁን ሰበቡን ሁሉ ሰብስባ ወሰደችብኝ። ይቅርታ መጠየቋ ይመስላታል፤ ለእኔ ግን ቅናቴ ላይ ንዴት ጨመረችልኝ።

«ስሚኝ» አለች ክንዴን ይዛ። «አሁን ወንበሩ ባዶ ነው። ያዢው። ጥቂት ዓመት ተሹመሽ ከሠራሽ እዚያ ሆኜ ቪዛ አስወጣልሻለሁ። ለአለቆቼ ተናግሬ እኔ ጋ አስመድብሻለሁ። ብቻ በናትሽ፣ አትግደርደሪ።»

በናትሽ አለችኝ! መለመን በነበረባት ቀን ያልለመነችኝ ሴት፣ እግሯ ሚኒባስ ደረጃ ላይ ሆኖ በእናቴ ለመነችኝ። «እኔ ጋ» ያለችው ነገር ደግሞ አለ። እሷ ጋ ማለት እሷ ሥር ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሚሰለፉት ጋር ተሰልፌ የሷን ትእዛዝ ልጠብቅ! አንገቷን አቅፌ ሳምኳት፣ አለቀስኩም። ያስለቀሰኝ መለየቱ ብቻ አልነበረም። ሚኒባሱ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት፤ ግራ እጄ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ጨብጦ ነበር። መሄድ ነው የምፈልገው። እሷ ሥርም ቢሆን ልሂድ። እንዲህ መፈለጌን ያን ዕለት ነው ለራሴ ያመንኩት።

ሜትሮኗ የሰበሰቡን በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አርጅተዋል፤ ሰዓት ማየታቸውን ግን አልተዉም። ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ መልሴን ስለማመድ ነው የመጣሁት። ገና ስሜን ሳይጨርሱ እሺ እላለሁ። እንደሷ፣ ደረቅ አድርጌ።

ሜትሮኗ ወደ እኔ ዞር አሉና ፈገግ አሉ። «አንቺን እንኳ አላስቸግርሽም ሲስተር። ኃላፊነት እንደማትወጂ ያኔ ነግረሽኛል።» ከዚያ ከጎኔ ወደ ተቀመጠችው ልጅ ዞሩ። «ልጄ፣ ኃላፊዋ ከሄደች ጀምሮ ቁልፉንም ይዘሽ ሰንብተሻል፤ አንቺ ብትቀጥዪስ?»

ልጅቷ የጎበሳ ከተማ ልጅ ናት። ኮሌጅ ከጨረሰች ጥቂት ዓመቷ ነው፤ እጇ ግን ከአሁኑ ይታመናል። የሚያለቅስ ሕፃን እሷ ስትይዘው ዝም ይላል። ስልኳ ላይ ያንኑ የፈቃድ ፈተና ስታጠና አይቻታለሁ፤ ማስታወቂያዎቹንም ትከታተላለች። የጋውኗን አዝራር በጣቷ ማሽከርከር ጀመረች። አንገቷን ደፋች። ጉንጯ ቀላ።

«ኧረ እኔ ይቅርብኝ» አለች። «እሳቸው እያሉ!»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተራው የኔ ነበር። «ካንቺ ሌላ ማን አለ!» ብዬ ጉልበቷን መታ ማድረግ ነው፣ ሌላው ይቀጥለዋል፣ ሜትሮኗ ይለምኗታል፣ እሷ ታቅማማለች። ልጅቷም በጎን ቀና ብላ አየችኝ፣ ልክ እንግዳ የቤቱን ባለቤት እንደሚያይ። እንደምፈልገው አታውቅም። በልቼ ነው የመጣሁት ብላ በሞቴ እስክላት ትጠብቃለች።

«እሺ» አልኩ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

ሜትሮኗ «ይኸው! ስትፈልግ ትናገራለች» ብለው ሳቁ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ተጨበጨበ። ልጅቷም አጨበጨበች።

ኮሪደር ላይ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ቁልፉን አወጣች። ያው ቀይ ክር ነው፤ ደብዝዞ ሮዝ ሆኗል። መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፤ ከኪሷ ስለወጣ ይሞቃል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ሲስተር» አለችኝ። ድምፅዋ መሐል ላይ ሰለል አለ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። «አመሰግናለሁ ልጄ» ብያት ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ወደ ዋርዴ ገባሁ።