የሰባት ቁጥር ጽጌረዳ

የጽዳት ሠራተኛዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ከሽርጧ ኪስ እርጥብ ጨርቅ አይጠፋም። የተጠቀለለበት በሽተኞች ትተውት የሚሄዱት የጽጌረዳ ግንድ ነው። አበባው ቢረግፍም ግንዱ ነፍስ አለው ባይ ናት። ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከአንጓው ሥር በሰያፍ ትቆርጠውና ቆርቆሮ ውስጥ ትተክለዋለች፤ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ትደፋበትና የበሽተኛውን አልጋ ቁጥር ትጽፍበታለች።

ባሏ አንዴ «ሥር ሰዶ እንደሆነ ልየው» ብሎ አራት ቁጥርን የነቀለ ዕለት ቤቱ ቀውጢ ሆነ።

«በሽተኛ ተሻለው ወይ ተብሎ ስፌቱ ይተረተራል?» አለችው።

«እዚያም አስታማሚ፣ እዚህም አስታማሚ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን እጁን ሰብስቧል።

እግራቸው ተሰብሮ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የከረሙት ሽማግሌ ትናንት በምርኩዝ እያነከሱ ለቀጠሮ መጡ። ቀኑን ስትጠብቅ ኖሯል፤ ከመጥረጊያዎቿ ጀርባ አንድ ቆርቆሮ አውጥታ አስታቀፈቻቸው። ጥቂት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ይዟል።

«የማን ነው ልጄ?»

«የእርስዎው ነው አባባ። ተኝተው ሳሉ ልጅዎ ያመጣችልዎት አበባ።»

ሽማግሌው ቀጥ ያለውን ግንድ አዩ፤ ምርኩዛቸውንም አዩ።

«ቀድሞኝ ቆመ በይኛ» አሉ።